ካር-ቲ ለወሰደ አማርኛ ተናጋሪ ታካሚ የአይስ ፈተና አሰጣጥ

የደምና መቅኒ ንቅለ ተከላ ነርሶች ሥራ ወደ ሴል ሕክምናም ሰፍቷል። የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በ2017 የመጀመሪያዎቹን የካር-ቲ ሕክምናዎች ከፈቀደ ወዲህ፣ የንቅለ ተከላ ክፍል ነርስ የራሱ ቲ-ሴል (በሽታ የሚከላከል ነጭ የደም ሴል) በላብራቶሪ ተለውጦ የተመለሰለትን ታካሚም ትከታተላለች። የዘርፉ ዋና መጽሔትም ከ2021 ጀምሮ የሚታተመው «ንቅለ ተከላና የሴል ሕክምና» በሚል ስም ነው። ለዚህ ታካሚ የድሮው የመቅኒ ዕውቀት የማይሸፍነው አንድ ሥራ አለ፤ ሕክምናው የሚያስከትለውን አይካንስ የሚባል የአንጎልና የነርቭ ችግር ገና ሲጀምር መያዝ። መሣሪያው አይስ የተባለ ባለ 10 ነጥብ አጭር ፈተና ነው። ይህ መመሪያ በአሜሪካ ሆስፒታሎች አማርኛ ተናጋሪ ታካሚ ለሚገጥማቸው ነርሶችና አስተርጓሚዎች የተዘጋጀ ነው።

ዓመት፣ ወር፣ ከተማና ሆስፒታል መናገር 4 ነጥብ አለው። ሦስት ዕቃ በስም መጥራት 3፣ ቀላል ትእዛዝ መፈጸም 1፣ አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ 1፣ ከ100 ወደ ታች በአሥር በአሥር መቁጠር 1። ከ7 እስከ 9 ያገኘ የአይካንስ ደረጃ 1 (ቀላሉ)፣ ከ3 እስከ 6 ደረጃ 2፣ ከ0 እስከ 2 ደረጃ 3 ነው። ከነጭራሹ የማይነቃና ሊፈተን የማይችል ደግሞ ደረጃ 4። ደረጃው ግን በነጥቡ ብቻ አይወሰንም፤ ንቃቱ፣ የሚጥል መንቀጥቀጥ፣ የእጅና የእግር ድካም፣ የአንጎል እብጠትም ይታያሉ፤ ከእነዚህ የከፋው ደረጃውን ይወስናል።

ሁሉም ነገር የሚቆመው ሴሉ ከመሰጠቱ በፊት በሚወሰደው የመነሻ ፈተና ላይ ነው። እዚያ ላይ ቋንቋውን ምረጡና መዝግቡ። በአማርኛ ከተጀመረ እስከ መጨረሻው በአማርኛ ይሁን። ጠዋት በእንግሊዝኛ፣ ማታ በአማርኛ ከተፈተነ፣ ነጥቡ ሲወርድ በሽታው ይሁን ቋንቋው መለየት አይቻልም።

ብዙ ስህተት የሚፈጠረው ዓመትና ወር ላይ ነው። በኦክቶበር 2024 «ዘንድሮ 2017 ነው» ያለ ታካሚ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ልክ ነው፤ አስተርጓሚው ቁጥሩን ብቻ ካስተላለፈ ግን ዜሮ ይጻፍበታል። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 7 ዓመት፣ ከጃንዋሪ ጀምሮ 8 ዓመት ነው። ወሩ ይበልጥ ያሳስታል። ብዙ ሰው ፌብሩዋሪን የካቲት ብሎ ይተረጉማል፤ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2025 ግን ገና ጥር 26 ነበር። ስለዚህ «ጥር» ያለው ታካሚ ነጥቡን ማግኘት አለበት። መፍትሔው ቀላል ነው፦ መነሻው ላይ በየትኛው አቆጣጠር እንደሚመልስ ጠይቁ፣ የሁለቱንም ቀን የያዘ የቀን መቁጠሪያ ፈታኙ እጅ ይኑር። ታካሚው ከሚያየው ቦታ ግን አይሰቀል። ከተማ ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ሆስፒታሉ ሜሪላንድ ሆኖ ሳለ አካባቢውን በሙሉ «ዲሲ» ማለት የተለመደ ነው።

ዕቃ ስታሳዩ «እስክሪብቶ»ም «ፔን»ም ትክክል ነው። «መጻፊያ ነገር» ወይም «እንትን» ብሎ ማለፍ ግን ስም መጥራት አይደለም፤ ነጥብ የለውም። ጤነኛ ሰውም በወሬ መሀል እንትን ይላል፤ እዚህ ግን ቃል መጥፋቱ የአይካንስ የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን ስለሚችል አትዘኑለት። ትእዛዙን ስትሰጡ እጃችሁን አታንቀሳቅሱ፤ «ሁለት ጣት ያሳዩኝ» እያላችሁ ጣታችሁን ካነሳችሁ ታካሚው የሚያየውን መቅዳቱ ነው። እናቶችና አባቶች ምላስ ማውጣት ስለሚከብዳቸው ያንን ትእዛዝ ተዉት።

ለጽሑፉ አንድ ዓረፍተ ነገር ምረጡና በየፈረቃው ያንኑ አስጽፉ። «ልጄ ዛሬ ቤቴ መጥቶ ቡና ጠጣ» ጥሩ ነው፤ የጄ፣ የሬ፣ የቤና የቴ ትንንሽ ቀለበቶች እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ቶሎ ይበላሻሉ። ሁሉም በአንድ ወረቀት ላይ ከላይ ወደ ታች ይጻፍ፣ ሰዓቱም ጎኑ ላይ ይሁን። ነጥቡ 10 ሆኖ እያለ እንኳ ፊደሉ ከትናንቱ ከተዛባ ለሐኪሙ ንገሩ። ፊደል ያልቆጠሩ ታካሚዎች ይኖራሉ፤ ይህ መነሻው ላይ ካልተመዘገበ ማታ የገባችው ነርስ እንደ አዲስ ምልክት ትቆጥረዋለች። ምን እንደሚተካው ቡድኑ አስቀድሞ ይወስን።

አስተርጓሚው ባለሙያ ይሁን፣ በቪዲዮ ቢሆን ይመረጣል፤ በስልክ የሚተረጉም ሰው ዕቃውን አያየውም። የተሰባበረውን መልስ እንደተሰባበረ እንዲያስተላልፍ አስቀድማችሁ ንገሩት። የታካሚው ልጅ አያስተርጉም፤ ልጅ እናቱ ስትሳሳት ዝም ማለት አይችልም፣ መልሱን ይጠቁማታል ወይም ያስተካክልላታል።

ነጥቡ በአንድ እንኳ ከወረደ ወዲያው ድገሙና ሐኪም ጥሩ፤ የጠዋቱን ጉብኝት አትጠብቁ። ለአይካንስ ዋናው መድኃኒት እንደ ዴክሳሜታሶን ያለ ስቴሮይድ ነው። ለሲአርኤስ (ሕክምናው ለሚያስነሳው ከባድ የሰውነት መቆጣት) የሚሰጠው ቶሲሊዙማብ ወደ አንጎል በደንብ ስለማይገባ እዚህ አይተካውም።

ታካሚው ወደ ቤት ሲሄድ ያው ዓረፍተ ነገር አብሮት ይሂድ፤ አስታማሚው በየቀኑ ያስጽፈው። አስታማሚው ደውሎ «ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ቃል ጠፋባት» ካለ በፈረንጅ አቆጣጠር 9 ሰዓት ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ የጠዋት ይሁን የማታ ጠይቁና ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር መዝግቡ።