በፍየል አልትራሳውንድ የቡችላ አንጎል ማየት

አንዲት እናት ከድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር በባጃጅ መጡ። ነጠላቸው ውስጥ የጠቀለሏት ቡችላ ከጭብጥ ብዙም አትበልጥም። ነጭ፣ ጸጉራም፣ የአሥር ሳምንት። «ልጄ፣ ይቺ ልጅ ግድግዳ እየገጨች አስቸገረችኝ» አሉ። «ስጠራት ትሰማለች። መጣች ስል እዛው ክብ ትሠራለች።»

ጭንቅላቷ እንደ ሎሚ ድቡልቡል ነው። ዓይኖቿ ወደ ታችና ወደ ውጭ ሸሽተዋል። አናቷን ስዳብስ እርግብግቢቷ አልገጠመም። ጣቴ ሥር ትር ትር ይላል። የጠረጠርኩት አንጎል ውስጥ ፈሳሽ መቋጠርን (ሃይድሮሴፋለስ) ነው።

ያኔ ዓይኔ ጥግ ላይ ወዳለው አልትራሳውንድ ሄደ። የዚህ መሣሪያ እንጀራው የፍየልና የግመል እርግዝና ነው። አልትራሳውንድ የሚያየው በድምፅ ሞገድ ነው፤ ድምፁን የሚከለክለው ደግሞ አጥንት ነው። እርግብግቢት ደግሞ ክፍት መስኮት ነው። ያለ ቀናቸው የተወለዱ ሕጻናትን አንጎል ሐኪሞች የሚያዩት በዚሁ መስኮት ነው። እንዴት እንደምሠራው ልንገራችሁ። ወሬዬ ከእንስሳት ሐኪሞች ጋር ነው፤ ውሻ ያላችሁም ቁጭ ብላችሁ አዳምጡ።

ማሽኑን ከመክፈታችሁ በፊት ውሻውን ራቅ ብላችሁ እዩት። በእኛ አገር ጠባዩ የተቀየረ ውሻ ሲመጣ ቀድሞ የሚታሰበው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ክትባቱ የማይታወቅ፣ ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ መዋጥ ያቃተው፣ ድምፁ የተቀየረ ከሆነ የአልትራሳውንዱን ጄል መልሱት። ቡችላ ነው ብላችሁም አትዘናጉ። እናንተም ክትባታችሁን ሳትጨርሱ ወደ ውሻ አፍ እጅ አትስደዱ። ከነከሳችሁ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ እጠቡት፤ ከዚያ በቀጥታ ጤና ጣቢያ። በዚህ ቀልድ የለም።

ሌላው ዝግጅት ሥጋ ቤት ነው። አትሳቁ። በቄራ የተመረመረ የፍየል ጭንቅላት ግዙና አስፈልጡት። አንጎሉን በጓንት አውጡ፤ ትኩስ ከሆነ እንደ ገንፎ ስለሚላላ ጥቂት ፍሪዘር ውስጥ ይጠንክር። ከዚያ ከጆሮ ወደ ጆሮ አቅጣጫ በስለታም ቢላ ቁረጡት። ግራና ቀኝ ሁለት ቀጫጭን ክፍተቶች ታያላችሁ። የአንጎል ፈሳሽ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ውስጣቸው ቀላ ያለች፣ እንደ ጥልፍ ጫፍ የተጨማደደች ነገር አለች። ፈሳሹን በብዛት የምታመነጨው እሷ ናት። በሰው በቀን ግማሽ ሊትር ያህል ይመነጫል። ፈሳሹ ከጎን ክፍተቶች ወደ መሐል፣ ከመሐል በጠባብ ቦይ ወደ ኋላ ወርዶ አንጎሉንና ህብለ ሰረሰሩን ዙሪያቸውን ያጥባል። መጨረሻ ላይ ወደ ደም ይመለሳል። ቦዩ ከተደፈነ ወይም መመለሻው ከተበላሸ ፈሳሹ ይቋጠራል። እኔ ይህን በመጽሐፍ ሥዕል አራት ጊዜ አንብቤ አልገባኝም ነበር። አንድ የፍየል ጭንቅላት አስረዳኝ።

አሁን ወደ ቡችላዋ። ማደንዘዣ አያስፈልግም። ጠግባ ትምጣ፣ ባለቤቷ ጭን ላይ በፎጣ ተጠቅልላ ትቀመጥ። ጸጉሯን መላጨትም የለባችሁም፤ አልኮል ሳይሆን ውሃ ነክታችሁ በጣት ክፈሉትና ጄሉን አብዙት። ሌላ አገር ጄሉን አሙቁ ይላሉ። አቦ፣ ድሬ ላይ ማን ጄል ያሞቃል!

ፕሮቡ፣ ማለትም ገላ ላይ የሚያርፈው የማሽኑ እጀታ፣ ትንሽ ይሁን። 7.5 ሜጋኸርዝና ከዚያ በላይ ቢሆን ጥሩ ነው። የላም ማህፀን የምናይበት ረጅሙ ፕሮብም ይሠራል፤ ጠርዙ ብቻ ነው መስኮቱ ላይ የሚያርፈው። የሆድ ፕሮብ በ3.5 ሜጋኸርዝ ግን ጉም ነው የሚያሳየው። ጥልቀቱን ወደ 4 ሴንቲ ሜትር አውርዱት። እጃችሁን ቡችላዋ ግንባር ላይ አሳርፉ እንጂ ፕሮቡን አትጫኑ። ከሥሩ ያለው አጥንት አይደለም።

ፕሮቡን ከጆሮ ወደ ጆሮ አጋድሙት። መሐል ላይ ቀጥ ያለች ነጭ መስመር ትታያለች፤ ሁለቱን የአንጎል ክፍሎች የምትለየው ናት። ፈሳሽ ጥቁር ነው። ጤነኛ ቡችላ ላይ ከመስመሯ ግራና ቀኝ ሁለት ቀጫጭን ጥቁር ስንጥቆች፣ አንዳንዴም ጭራሽ ምንም። የእማማ ቡችላ ላይ ግን ሁለት ጥቁር ኩሬዎች ተዘረጉ። ወለላቸው ላይ ያቺ የጥልፍ ጫፍ ነጭ ሆና ታበራለች። ቀስ ብላችሁ ከፊት ወደ ኋላ ጥረጉ፤ ከዚያ ፕሮቡን አዙራችሁ ከአፍንጫ ወደ ማጅራት እዩ።

ልኬቱ ላይ ነው እኔ የተዋረድኩት። የኩሬውን ቁመት 0.9፣ የአንጎሉን ቁመት 2.8 ሴንቲ ሜትር አልኩ። ሲካፈል 32 በመቶ። እስከ 14 በመቶ ደህና፣ ከ15 እስከ 25 መካከለኛ፣ ከ25 በላይ ከባድ ነው የሚባለው። ለእማማ «ከባድ ነው» አልኳቸው። አለቀሱ። ማታ ሥዕሉን እንደገና ሳየው ግራው ኩሬ ትልቅ፣ ቀኙ ትንሽ ነው፤ መሐሏ መስመርም ዘማለች። ፕሮቡን አዘንብዬ ይዤ ኖሮ ሰያፍ ነው የቆረጥኩት። ሰያፍ የተቆረጠ ቃሪያ ረጅም ይመስላል አይደል? በነጋታው ቀጥ አድርጌ ለካሁ፤ 0.5 ለ2.8። 18 በመቶ። ስልክ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩ። «አንቺ ልጅ፣ ሌሊቱን ሙሉ ዓይኔ ሳይከደን» ብለው ተቆጡኝ። ልክ ናቸው። እና ሁለቱ ጎኖች እኩል ካልሆኑ ከመፍረዳችሁ በፊት መጀመሪያ እጃችሁን ጠርጥሩ። ሦስት ጊዜ ለኩ፤ ሥዕሉንም ከነቀኑ አስቀምጡ።

ቁጥሩ ብቻውን ደግሞ በሽታ አይደለም። ትናንሽ ዝርያዎች፣ እንደ ቺዋዋና ማልቲዝ ያሉት፣ ሰፊ ክፍተትና ያልገጠመ እርግብግቢት ይዘው ጤነኛ ሆነው ይኖራሉ። ምልክት ከሌለ አትንኩት። ምልክት ካለ ፕሬድኒሶሎን የፈሳሹን መመንጨት ይቀንሳል ተብሎ ይሰጣል፤ ያስጠማል፣ ያሸናል፤ ባለቤቱ ምንጣፉን ይጠቅልል። ከባዱ በቀዶ ጥገና ፈሳሹን በቀጭን ቱቦ ከአንጎል ወደ ሆድ በማውረድ ይታከማል። መርፌ ሰክቼ ውሃውን ልቅዳለት የምትሉ ካላችሁ ግን ተዉ። ግፊቱ ከፍ ባለበት ጭንቅላት ውስጥ ፈሳሽ ሲቀዳ አንጎሉ ወደ ማጅራት ቀዳዳ ሊወተፍ ይችላል።

እርግብግቢቱ ከገጠመ አልትራሳውንዱ ወደ ፍየሎቹ ይመለስ። ከዚያ በኋላ ያለው ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ነው፤ ሁለተኛው የተሻለ ያሳያል፣ ውሻው ግን ንቅንቅ እንዳይል ሙሉ ማደንዘዣ ይፈልጋል። እኔ ጋ የለም። ሥዕሉ ግን በቴሌግራም ይመጣል። ውጭ አገር የሚኖር የሳቢያን ሰፈር አብሮ አደጌ ካቫሊየር የሚባል ዝርያ ያሳድጋል። ውሻው ሲሄድ አንገቱ አጠገብ አየሩን ያካል፤ እግሩ ቆዳውን አይነካም። «ቁንጫ ነው?» ብሎ የአንገቱን የኤምአርአይ ሥዕል ላከልኝ።

እንዲህ ያለ ሥዕል ሲደርሳችሁ ጥጉ ላይ የተጻፈውን የአነሳስ ዓይነት አንብቡ። ቲ2 ከሆነ ፈሳሽ ነጭ ነው። ቲ1 ከሆነ ጥቁር። ፍሌየር የሚባለው ንጹሑን ፈሳሽ ሆን ብሎ ያጠፋዋል፤ በክፍተቶቹ ዳርቻ ነጭ ጭረት ከቀረ ፈሳሹ ወደ አንጎሉ ሥጋ ሰርጎ ሊሆን ይችላል። የጓደኛዬ ውሻ ቲ2 ላይ ህብለ ሰረሰሩ መሐል ነጭ ክር ነበር። የካቫሊየር የራስ ቅል ከኋላ ይጠባል፤ ትንሹ አንጎል ወደ ማጅራት ቀዳዳ ይገፋና የፈሳሹን መተላለፊያ ያጣብባል። እያደር ህብለ ሰረሰሩ ውስጥ የፈሳሽ ጉድጓድ ይፈጠራል። ማከኩ ከዚያ ነው። ተራው ሥዕል ፈሳሹ የት እንዳለ እንጂ እንዴት እንደሚሄድ አይናገርም። ለእሱ ከልብ ምት ጋር ተቆራኝቶ የሚነሳ ሌላ የኤምአርአይ ዘዴ አለ፤ ፈሳሹ በየምቱ ወዲያና ወዲህ ሲል ፍጥነቱን ይለካል። «ቁንጫ አይደለም፤ የነርቭ ሐኪሙን ህመም ማስታገሻ ጠይቀው» አልኩት።

የእማማ ቡችላ አሁን ስምንት ወሯ ነው። ክብ መሥራቱን ቀንሳለች፤ ስሟ ሲጠራም ትመጣለች፣ ግድግዳ ታክካ። በየወሩ የጭንቅላቷን ዙሪያ በልብስ ሰፊ ሜትር እለካለሁ። እርግብግቢቷ እየጠበበ ነው። ባለፈው ያየኋት በፕሮቡ ጠርዝ፣ በጭላንጭል ነው። 17 በመቶ፤ ሦስት ጊዜ ለክቼ።