ለአንድ ቀን ፎቶ የዓመት ፀጉር አትክፈይ፦ ጎንደር ላይ ስንዋብ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ፀጉር መሥራት ከጀመርኩ 12 ዓመት ሆነኝ። ፒያሳ አካባቢ ሁለት ወንበርና አንድ ትልቅ መስታወት ያላት ቤት አለችኝ። ታኅሣሥ ሲጋመስ ጀምሮ ወንበሮቹ አያርፉም። ጥምቀት እየደረሰ ነው፣ ጥር ደግሞ የሰርግ ወር ነው፣ ከዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ የሚመጡ ተማሪዎችም አሉ። በዚያ ግርግር መሃል ሁልጊዜ አንጀቴን የሚበላኝ አንድ ነገር አለ። ቆንጆ ሆነው የሚገቡ ልጆች ለአንድ ቀን የበለጠ ለማማር ብለው ፀጉራቸውን፣ ቆዳቸውን፣ አንዳንዴም ጓደኝነታቸውን ይጎዳሉ። ታቦቱ ገብቶ ከተማው ጸጥ ሲል ፎቶው ስልክ ውስጥ ይቀመጣል። ጉዳቱ ግን እስከ ፋሲካ፣ ከባሰም እስከሚቀጥለው ጥምቀት አብሮ ይኖራል።

ከወንበሩ ጀርባ ቆሜ ያየሁትን ልንገርሽ።

ውኃ መኖሩን ሳይጠይቁ ኬሚካል መቀባት

እዚህ ከተማ ውኃ በፈረቃ እንደሚመጣ የማያውቅ የለም። ሪላክሰር ለመቀባት ስትቀመጥ ግን «ዛሬ ውኃ አላችሁ?» ብላ የምትጠይቅ ልጅ ብዙም አላጋጠመችኝም።

ሪላክሰር ፀጉርን የሚያለሰልሰው የፀጉሩን የውስጥ ትስስር በመስበር ነው። ብዙዎቹ ውስጥ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አለ። የተደፈነ ቧንቧ ለመክፈት የሚሸጠውም ይኸው ነገር ነው። ደቂቃው እንደሞላ በብዙ ውኃ፣ ከዚያም አብሮት በሚመጣው ሻምፖ ካልታጠበ ሥራውን አያቆምም። ፀጉሩንም፣ የነካውን ቆዳም ያቃጥላል።

አምና አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሻሽ አስራ መጣች። ሻሹን ስትፈታው ከጆሮዋ በላይ ያለው ቆዳ ተልጦ፣ ውኃ ቋጥሮ አየሁ። ሌላ ቤት ተቀብታ ሳለ ቧንቧው ተቋረጠ። ሮቶውም ባዶ ነበር። ልጅ ተልኮ ከሱቅ ሦስት የታሸገ ውኃ ይዞ እስኪመጣ ጭንቅላቷ እየነደደ ጠበቀች። በሦስት ጠርሙስ ውኃ ደግሞ ያ ሁሉ ፀጉር አይጠራም። ጥምቀትን በሻሽ አሳለፈችው። እዚያ ቦታ ላይ ዛሬም ፀጉሩ ስስ ነው።

ስለዚህ ከመቀመጥሽ በፊት ጠይቂ። ሮቶው ሙሉ ከሆነ ቁጭ በይ፤ ካልሆነ ሌላ ቀን ነይ። ይህን ስትዪ የምትቆጣ ባለሙያ ካለች ከዚያ ቤት ውጪ። በዋዜማው ጭንቅላትሽን አትታጠቢ፣ አትከኪም፤ የተጫረ ቆዳ ላይ ኬሚካሉ እሳት ነው። ድጋሚ ስትቀቢ ደግሞ አዲስ የበቀለው ላይ ብቻ ይሁን። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው የሚያድገው። ሁለት ወር ሳይሞላሽ ከመጣሽ የሚቀባ አዲስ ፀጉር ገና የለሽም፤ የምትቀቢው ያንኑ የተዳከመውን ነው። በዚያው ቀን ቀለምም ጨምሪልኝ የምትል አለች። እኔ እምቢ እላለሁ።

ቅቤ ተቀብቶ ፔስትራ መደረግም ያው ነው። ቅቤ ለሹሩባ ጥሩ ነው፤ የጋለ ብረት ሲነካው ግን ፀጉሩን ይጠብሰዋል። መጀመሪያ በደንብ ታጠቢው።

«ጠበቅ አድርጊው፣ እንዳይፈታብኝ»

ይህን ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንደምሰማው! ሹሩባ የእኛ ነው። አፄ ቴዎድሮስን ሳይቀር በሹሩባቸው ነው የምናውቃቸው። ግን ሹሩባ የሚያምረው ንጹሕና ቀጥ ያለ ስለሆነ ነው፤ ስለጠበቀ አይደለም።

ምልክቱን ልንገርሽ። ተሠርተሽ ስትነሺ ቅንድብሽን ከፍ ማድረግ ካቃተሽ ጠብቋል። ማታ ትራስ ላይ ጭንቅላትሽን ማሳረፍ ካልቻልሽ ጠብቋል። በማግስቱ ግንባርሽ ዳር ትንንሽ ብጉር ከወጣ፣ ፀጉሩ ከሥሩ እየተነቀለ ነው። ያን ጊዜ የፊት የፊቱን ፍቺው። ገንዘቤ ባከነ አትበይ። መሳቡ ለወራት ከቀጠለ ሥሩ ይሞትና የግንባር ፀጉር ወደ ኋላ ይሸሻል። የሸሸው ሁሉ ደግሞ አይመለስም። የ24 ዓመት ልጅ በእርሳስ የግንባሯን ፀጉር ስትስል አይቻለሁ። በጣም አዝኛለሁ።

አርቴፊሻል ፀጉር የተሰፋልሽም ብትሆኚ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ አስፈቺው፤ ከዚያ ሌላ ከመሠራትሽ በፊት ፀጉርሽን ጥቂት ሳምንት አሳርፊው።

ስም የሌለው ማጥሪያ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

«እህቴ፣ ፊት የሚያጠራ ቅባት ታውቂያለሽ?» ብላ የምትጠይቀኝ ልጅ ብዙ ጊዜ ምንም የሚጠራ ነገር የሌለባት ጠይም ቆንጆ ናት። ጠይም፣ የቀይ ዳማ፣ ዓሣ መሳይ እያልን ለመልካችን ስንት ስም ያወጣን ሰዎች ነን። ታዲያ ከየት የመጣ ጥድፊያ ነው?

ገበያ ላይ በትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ የሚሸጥ፣ ጽሑፍ የሌለው ቅልቅል ቅባት አለ። በሁለት ሳምንት «ይሠራል»። ቶሎ የሚሠራበት ምክንያት አለው። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ቅባት ውስጥ እንደ ክሎቤታሶል ያለ ኃይለኛ ስቴሮይድ ይገኛል። ይህ ሐኪም ለችፌና ለመሰል የቆዳ በሽታ ለአጭር ጊዜ የሚያዘው መድኃኒት ነው። ለወራት ፊት ላይ ሲቀባ ቆዳው ይሳሳል፣ ቀያይ የደም ሥሮች ይታያሉ፣ ብጉር ይፈላል። ስታቆሚው ደግሞ ፊትሽ ይቀላል፣ ያቃጥላል፣ ያሳክካል። ያኔ ደንግጠሽ መልሰሽ ትቀቢዋለሽ። ከዚያ አዙሪት መውጣት ከባድ ነው።

ሌላው ሜርኩሪ ነው። ሜርኩሪ በቆዳ ገብቶ ኩላሊትን ይጎዳል። ሜርኩሪ ያለባቸው ማጥሪያዎች ከገበያ እንዲወጡ የሚናማታ ስምምነት የተባለው ዓለም አቀፍ ውል የወሰነው ለዚህ ነው።

ጀምረሽ ከሆነ አትፈሪ፣ አትደብቂውም። ዕቃውን ይዘሽ ወደ ቆዳ ሐኪም ሂጂ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና አለ። ብዙ ጊዜ የተጠቀመች ሰው እንዴት እንደምታቆም ሐኪም ቢነግራት ይሻላል።

ፀሐዩን መናቅ

«ማድያት ወጣብኝ» ብለው ወደ ማጥሪያ ከሚሮጡት ብዙዎቹን መጀመሪያ የጎዳቸው ፀሐይ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው የተቀመጠችው። ወደ ላይ 1,000 ሜትር በወጣሽ ቁጥር ቆዳ የሚጎዳው ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ጥር ላይ ነፋሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ፀሐዩ የሚያቃጥል አይመስልም። ያታልላል። ከከተራ ጀምሮ እስከ ጥር 12 ሚካኤል ድረስ ደጅ ነው የምትውዪው።

ሳንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ቅባት) ካለሽ ዕቃው ላይ SPF ተብሎ የተጻፈው ቁጥር 30 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፤ በየሁለት ሰዓቱ ደግሞ መቀባት አለበት። ጠዋት አንዴ ተቀብቶ እስከ ማታ አይሆንም። ከሌለሽ ጥላ ያዢ። ጥላ የአሮጊት ነው የሚሉትን አትስሚ። የአያቶቻችንን ፊት ልብ ብለሽ እዪ እስቲ።

ጥቁር ሂና

እንሶስላ እጅና እግር ላይ ደም መስሎ ይቀላል። እውነተኛ ሂና ብርቱካንማ ወይም ቡናማ ነው፤ ሰዓታትም ይፈልጋል። በደቂቃዎች ውስጥ ድቅድቅ አድርጎ የሚያጠቁር ሂና ካየሽ የፀጉር ቀለም ኬሚካል ተጨምሮበታል። ለሙሽራ ሚዜ የሆነች ልጅ አንጓዋ ላይ ያስሳለችው አበባ በሦስተኛው ቀን አብጦ ውኃ ቋጠረ። አበባው ቅርጹን እንደያዘ ጠባሳ ሆኖ ቀረ። ከዚህ የከፋው ደግሞ ሰውነት አንዴ ከተቆጣ በኋላ ወደፊት የፀጉር ቀለምም ላይስማማት መቻሉ ነው።

ኩል መዋዋስ

አጭር ነው፦ ኩል ከማንም አትዋሺ፣ ለማንም አታውሺ። ትራኮማ በክልላችን ዛሬም ዓይን የሚያጠፋ በሽታ ነው። የኩል መኳያና የፊት ፎጣ ደግሞ ከዓይን ወደ ዓይን ያመላልሱታል። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ኩልም ይቅርብሽ፤ አንዳንዱ ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ይገኛል።

ቀሚሱን በጥር ማሰብ

የሐበሻ ቀሚስ በሦስት እጅ ያልፋል፤ ሸማኔው፣ ጥልፍ ጠላፊዋ፣ ሰፊው። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ከሄድሽ ሦስቱም ተጨናንቀዋል። ወይ ዋጋው ይሰቀላል፣ ወይ ጥልፉ ይበላሻል፣ ወይ ጥር 10 ጠዋት «ማታ ነይ» ትባያለሽ። ኅዳር ላይ እዘዢ።

ጨርቁ ከመሰፋቱ በፊት ውኃ ነክቶት እንደሆነ ጠይቂ። ፈትል ሲታጠብ ይኮማተራል። ሳይነከር የተሰፋ ቀሚስ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ቁርጭምጭሚትሽ ላይ ይቀራል። የጥለቱን ቀለም ደግሞ በረጠበ ነጭ ጨርቅ አሸት አድርጊው። ጨርቁ ላይ ቀለም ከወጣ፣ ሲታጠብ ነጩ ላይም ይወጣል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ስትለኪ ዝም ብለሽ አትቁሚ። ጎንደሬ ነሽ፣ እስክስታ ትመቻለሽ። እጅሽን ከፍ አድርጊ፣ ትከሻሽን ምቺ፣ ደረትሽን ወደፊት ግፊ። ብብቱ ከያዘሽ እዚያው ይፈታ። ሰፊው ፊት አፍራ ዝም ያለች ልጅ ሰርግ መሃል ብብቷ ተተርትሮ በነጠላ ተሸፍና ስትወጣ አይቻለሁ።

ከውጭ የሚመጣው ባለ ጥልፍ ሽፎን ቀላልና ርካሽ ነው፤ ላብ ግን አይመጥም። ለአዳራሽ ይሁን። ታቦት አጅበሽ ቁልቁል ወደ ፋሲል መዋኛ ስትሄጂ ጥጥ ልበሺ።

ታኮ

ከተማችን ዳገት፣ ቁልቁለትና ድንጋይ ናት። ለፎቶው ታኮውን ቦርሳ ውስጥ ያዢው፤ መንገዱን በዝቅተኛ ጫማ ሂጂ። ሌላ የምጨምረው የለኝም።

ነጠላ ማዘቅዘቅ

አንድ ቀን አንዲት ልጅ ከእኔ ቤት ተውባ ወጣች። ሰርግ እየሄደች ነበር። ነጠላዋን እንዳገኘች ጣል አድርጋ ጥለቱን አንገቷ ላይ አውላዋለች። በር ላይ ቡና የሚሸጡ አንዲት ጎረቤታችን ብድግ አሉና እጇን ያዙ።

«ምነው ልጄ፣ ማን ሞተብሽ?»

ልጅቷ ክው አለች። «ኧረ ማንም እማማ፣ ሰርግ ነው።»

«ታዲያ ነጠላሽን ለምን አዘቀዘቅሽው የኔ ልጅ?» አሉና ራሳቸው ገልብጠው፣ ጥለቱን ወደ ታች አድርገው አለበሷት። ደብረ ብርሃን ሥላሴም ቁስቋምም ስትሄጂ እንዲሁ ነው። ጥለቱ አንገት ላይ የሚወጣው ለለቅሶ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስትገቢ መስቀለኛ አጣፊው። ሊፕስቲክሽንም ጥረጊ፤ መስቀል ልትሳለሚ ነው።

የተዋሰ ወርቅ፣ የቀጥታ ፎቶ

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። በጥምቀት ግፊያ ደግሞ ይጠፋል። የእኅትሽን ሐብል ጥለሽ የዓመት እቁብሽን ለዕዳ ከመክፈል ባዶ አንገት ይሻላል።

ፎቶና ቪዲዮውን ቤትሽ ከገባሽ በኋላ ለጥፊው። አሁን የት እንዳለሽ፣ ከማን ጋር እንደሆንሽ ለማያውቅሽ ሰው ሁሉ መናገር በዚህ ጊዜ ጥሩ አይደለም። ከመሸ ደግሞ ብቻሽን ባጃጅ ውስጥ ስትገቢ የሰሌዳውን ቁጥር ለቤት ሰው ላኪ። ጓደኛሽ ያለችበትን ፎቶም ሳትጠይቂያት አትልቀቂ። አንቺ ያማርሽበት ፎቶ ላይ እሷን አባቷ የሚቆጣበት ነገር ሊኖር ይችላል።

«ሁላችንም አንድ ዓይነት እንልበስ»

ይህ ስህተት የማይመስል ስህተት ነው። ስድስት ጓደኛሞች ተሰብስበው ዲዛይን ይመርጣሉ፣ ዋጋው ይነገራል፣ ሁሉም እሺ ይላል። ከመሃል አንዷ ገንዘቡ የላትም፤ ግን አትናገርም። መጀመሪያ መልእክት መመለስ ታቆማለች። ከዚያ ጥር 10 ላይ «አሞኛል» ትላለች። እንዲህ ብላ የቀረች ልጅ አውቃለሁ። በማግስቱ የጓደኞቿን ፎቶ እያየች እኔ ወንበር ላይ አለቀሰች። ጓደኞቿ ክፉ አልነበሩም። ማንም አልጠየቃትም እንጂ።

ከመምረጣችሁ በፊት እያንዳንዷን ለብቻዋ አናግሩ። «ስንት ትችያለሽ?» ማለት አያሳፍርም፤ በሰው ፊት መጠየቅ ነው የሚያሳፍረው።

ባለፈው ጥምቀት አምስት ጓደኛሞች ሌላ ዘዴ አመጡ። ሁሉም ያላቸውን ነጭ ቀሚስ ለበሱ፤ አዲስም ነበረ፣ የእናት ቀሚስም ነበረ። አንድ ቀለም መቀነት ብቻ ከቅዳሜ ገበያ ገዝተው አምስቱም ታጠቁ። ሹሩባቸውን እኔ ነኝ የሠራኋቸው፣ ላላ አድርጌ። ቁልቁል ወደ ቀሐ ወንዝ ሲወርዱ ከቤቴ በር ላይ ቆሜ አየኋቸው። አምስት ቀይ መቀነት እስከ መታጠፊያው ድረስ ይታየኝ ነበር።