ሴፕቲክ ታንክ ውስጥ አየር ስታስገቡ

ባሕር ዳር፣ በተለይ ሐይቁ ዳር፣ ክረምት ሲገባ የከርሰ ምድር ውሃው ከፍ ይላል። ከሴፕቲክ ታንኩ (የመጸዳጃ ፍሳሽ ከሚጠራቀምበት ታንክ) የሚወጣውን ፍሳሽ ማስረጊያ ጉድጓዱ ማስረግ ያቅተዋል። ወደ ታንኩ አየር የሚነፋ ፓምፕ የከርሰ ምድር ውሃውን ዝቅ አያደርገውም፤ ግን ፍሳሹ በደንብ ተብላልቶ ይወጣል፣ ሽታውም ይቀንሳል። አየር ያገኙ ባክቴሪያዎች ቆሻሻውን ቶሎ ይበሉታላ።

ዋናው ነገር አየር መርጫው (ከፓምፑ በሚመጣው ቱቦ ጫፍ ላይ ያለው፣ አረፋ የሚያወጣው ዕቃ) የሚቀመጥበት ቦታ ነው። የታንኩ የመጀመሪያ ክፍል ውስጥ እንዳታስቀምጡት! እዚያ ዝቃጩ ከታች ይተኛል፣ ቅባቱ ከላይ ይንሳፈፋል። አረፋው ይህን ካማሰለው ድፍርሱ ወጥቶ ማስረጊያውን ይደፍነዋል፤ ያኔ ጉድ ፈላ። ሁለተኛው ክፍል ውስጥ፣ ከወለሉ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ቀጥሎ ውሃው ረግቶ የሚጠራበት ሌላ ክፍል ያስፈልጋል። ታንኩ ባለ አንድ ክፍል ከሆነ ይቅርባችሁ።

ፓምፑን ከፍሳሹ ከፍታ በላይ ስቀሉት፤ መብራት ሲጠፋ (መጥፋቱ መቼም አይቀርም) ፍሳሹ በቱቦው ተመልሶ እንዳይገባበት። ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ይላል፤ አቅሙ ከፍ ያለውን ምረጡ። በረኪና በብዛት አትድፉ፣ ባክቴሪያዎቹን ይፈጃል። የጋዝ ማስወጫው ቱቦም ክፍት ይሁን።

ስትገጥሙ ደግሞ ማንም ታንኩ ወይም ጉድጓዱ ውስጥ አይግባ፣ አንገቱንም አያስግግ። ጋዙ ገዳይ ነው። ከላይ ሆናችሁ አየር መርጫውን በገመድ አውርዱት።