የዩኒቨርሲቲ የሥነ ምግብ ትምህርትን በኢንተርኔት እንዴት መጀመር ይቻላል?

በኢንተርኔት የሚሰጥ ትምህርት መጀመር ቀላል ነው፤ ማቋረጥ ደግሞ ከመጀመሩም ይቀላል። ስም ጠርቶ የሚቆጣጠር የለም። በሦስተኛው ሳምንት መብራት ይጠፋል ወይም እንግዳ ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ የይለፍ ቃሉም ይረሳል። የሥነ ምግብ ትምህርት ግን ሌሎቹ የሌላቸው አንድ ነገር አለው፤ ቤተ ሙከራው በቀን ሦስት ጊዜ ፊትዎ ይቀርባል። እኔ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ትቼ በሦስተኛው የጨረስኩት ይህ ሲገባኝ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ምክር ከኮምፒውተሩ ይልቅ ወደ ማድ ቤቱ ቢያዘነብል አይገረሙ።

ኮርሱን መምረጥ

መጀመሪያ ለምን እንደሚማሩ ይወስኑ። ሐሳብዎ ለቤተሰብ የተሻለ ምግብ ማቅረብ ከሆነ የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ኮርሴራ በተባለው የኢንተርኔት መማሪያ ድረ ገጽ የሚሰጠው የምግብና ጤና መግቢያ ይበቃዎታል። ቪዲዮዎቹ አጫጭር ናቸው፤ ኬሚስትሪ አያበዛም። የሳይንሱን ጓዳ ማየት ከፈለጉ ደግሞ ኤዴክስ በተባለው ተመሳሳይ ድረ ገጽ የቀረበውን የኔዘርላንዱን ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ይመልከቱ። አንዱ ክፍል ካርቦሃይድሬትን፣ ቅባትንና ፕሮቲንን፣ ከልክ በላይ መመገብ ከሚያመጣው ጣጣ ጋር ያስተምራል። ሌላው ስለ ቫይታሚንና ማዕድናት እንዲሁም ስለ ምግብ እጥረት ነው፤ የምግብ ደኅንነትም ራሱን የቻለ ክፍል አለው። ሁሉንም በአንድ ቀን አይመዝገቡ፤ አንዱን ይዘው ይጨርሱ።

ለፍጹም ጀማሪ እኔ የምመርጠው ግን ሌላ ነው። የእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ከኢትዮጵያ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ጋር ሆኖ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች 13 ሞጁሎች አዘጋጅቶ ነበር፤ ከእነዚያ አንዱ ሥነ ምግብ ነው። በኦፕንለርን ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይነበባል። በእንግሊዝኛ ቢጻፍም የሚያወራው ስለ እኛው አገር ሕፃናት፣ እናቶችና ገበታ ነው። በቪዲዮ ሳይሆን በጽሑፍ መሆኑ ኢንተርኔቱ ለሚቆራረጥበት ሰው እፎይታ ነው። ይህን አንብቦ ወደ ዋገኒንገን የሚሄድ ተማሪ ግማሹን መንገድ ተጉዟል።

ምዝገባና ሰዓት

ስምዎን በፓስፖርትዎ ላይ እንደተጻፈው አድርገው ያስገቡ። የቤተሰብ ስም በሚጠየቅበት ቦታ ብዙዎቻችን የአባታችንን ስም እንጽፋለን፤ ችግር የለውም። ዛሬ በአንድ ፊደል፣ ነገ በሌላ መጻፍ ግን የምስክር ወረቀት ሲመጣ ራስ ምታት ነው። በኤዴክስ ብዙ ኮርሶችን ያለ ክፍያ መከታተል ይቻላል፤ ነገር ግን ነፃው መንገድ የጊዜ ገደብ አለው፣ የምስክር ወረቀትም አይሰጥም። በኮርሴራ ለብዙ ኮርሶች የገንዘብ ድጋፍ ማመልከት ይቻላል፤ መልሱ ሁለት ሳምንት ያህል ሊቆይ ስለሚችል አስቀድመው ያመልክቱ።

ከሁሉ በላይ በሰዓት ይጠንቀቁ። በመጀመሪያው ሙከራዬ ፈተናው 12:00 ላይ ይዘጋል የሚል ማስታወቂያ አይቼ፣ ማታ 12 ሰዓት መስሎኝ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ተረጋግቼ ገባሁ። ተዘግቶ ጠበቀኝ። ሰዓቱ የተጻፈው በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ነበር፤ 12:00 ዩቲሲ በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። እሑድ 23:59 የሚል ካዩ ደግሞ እሑድ ለሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ59 ደቂቃ መሆኑን ይወቁ። ኢትዮጵያ ውስጥ ካሉ በዩቲሲ በተጻፈው ላይ 3 ሰዓት ደምረው፣ ከዚያ ወደ እኛ አቆጣጠር ይመልሱትና ወረቀት ላይ ጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጥፉ።

ከመጀመሪያው ቪዲዮ በፊት፦ የሦስት ቀን ማስታወሻ

አንድ ደብተርና አንድ የወጥ ቤት ሚዛን ያዘጋጁ። ለሦስት ቀን የበሉትንና የጠጡትን ሁሉ ይጻፉ፤ አንዱ ቀን የጾም፣ አንዱ ደግሞ ቅዳሜ ወይም እሑድ ቢሆን ጥሩ ነው። በቡናው ውስጥ የገባው ስኳርም ይጻፍ።

እዚህ ላይ የውጭ መምህራን የማያነሱት ችግር ይመጣል። በምሳሌያቸው ውስጥ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ሳህን አለው፤ እኛ ደግሞ ከአንድ ትሪ እንበላለን። ጉርሻስ በማን ስም ይመዘገባል? እኔ ያገኘሁት መፍትሔ ድስቱን መለካት ነው። ወጡ ሲሠራ የሚገባውን ሽሮ፣ ዘይትና ሽንኩርት አስቀድመው ይመዝኑ፤ ከተበላ በኋላ የተረፈውን ይገምቱ፤ እሱን ቀንሰው የተበላውን ለበላተኛው ቁጥር ያካፍሉ። እንጀራውን ከመቅረቡ በፊትና ከተነሣ በኋላ ይመዝኑ። ፍጹም ልክ አይሆንም፤ ለጀማሪ ግን ይበቃል።

በእኛ ቤት ሽሮ ላይ የሚገባው ዘይት «ትንሽ» ነበር። በሾርባ ማንኪያ ስለካው 6 ሆነ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 14 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ 1 ግራም ቅባት 9 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። 6 ጊዜ 14፣ 84 ግራም፤ 84 ጊዜ 9 ደግሞ 756 ኪሎ ካሎሪ። ለአራት ሰው ሲካፈል 189 ይደርሳል፤ ይህ ገና እንጀራው ሳይቆጠር ነው። ካርቦሃይድሬትና ፕሮቲን በ1 ግራም 4 ኪሎ ካሎሪ ብቻ እንደሚሰጡ ቪዲዮው ሲነግረኝ፣ መልሱን ከድስቱ አግኝቼው ነበር።

ሲማሩ

ቃላቱ እንዳያስቸግሩዎት በደብተሩ ጀርባ የራስዎን መዝገበ ቃላት ይክፈቱ። በልጅነት የተማርነው «ኃይል ሰጪ፣ ሰውነት ገንቢ፣ በሽታ ተከላካይ» የሚለው ክፍፍል ለመግቢያ ይረዳል፤ ነገር ግን በቶሎ ይለቁት። ምስር ገንቢ ነው ብለን እንድናልፈው ያደርገናል፤ ደረቁ ምስር ግን ከፕሮቲኑ ይልቅ ካርቦሃይድሬቱ ይበዛል።

እያንዳንዱን ትምህርት ወደ አንድ የቤት ምግብ ይመልሱት። ፕሮቲን ስለሚሠራበት ስለ አሚኖ አሲድ ሲማሩ እንጀራ በሽሮን ያስቡ፤ እህል በአብዛኛው ላይሲን የተባለው ያንሰዋል፣ ጥራጥሬ ደግሞ ያሟላዋል። ስለ ቫይታሚን ቢ12 ሲማሩ ሁዳዴን ያስቡ። ይህ ቫይታሚን በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው፤ ጉበት ግን ለረጅም ጊዜ ስለሚያከማቸው፣ በፍስክ ወራት በደንብ ለሚመገብ ጤነኛ ሰው 55 ቀን አያሰጋም። ዓመቱን ሙሉ የእንስሳት ተዋጽኦ የማይቀምሰው ሰው ጉዳይ ግን ሌላ ነው።

እኔን በጣም የያዘኝ የብረት ምዕራፍ ነበር። በጤፍ ውስጥ ያለው ብረት ሁሉ ወደ ደም አይገባም፤ ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር ይይዘዋል። የሊጡ መቡካት ይህን ይቀንሳል፤ ከምግቡ ጋር የሚቀርብ ሎሚ ወይም ቃሪያም በቫይታሚን ሲ አማካይነት ብረቱ እንዲገባ ያግዛል። ትሪው እንደተነሣ የሚቀርበው ቡና ግን ወደኋላ ይጎትታል። አንድ ሰዓት ቢቆይ ይሻላል። ይህን ለእናቴ ለማስረዳት ግን ሌላ ኮርስ ሳያስፈልገኝ አይቀርም።

ጥያቄዎቹን ደብተር ዘግተው ይመልሱ፤ የተሳሳቱትን ብቻ ደግመው ይመልከቱ። ከተቻለ ቪዲዮዎቹን ዋይፋይ ባለበት ቦታ በስልክ መተግበሪያው ላይ አውርደው ይያዙ።

ስለ ወረቀቱ አንድ ነገር ይወቁ። የአጭር ኮርስ የምስክር ወረቀት ዲግሪ አይደለም፤ የሥነ ምግብ ባለሙያ ሆኖ ለመሥራትም ፈቃድ አይሰጥም። መማርዎን የሰሙ ጎረቤት ስለ ስኳር ሕመማቸው ምን እንደሚበሉ ሲጠይቁዎት ወደ ሐኪማቸው ይምሯቸው። የገዙትን ጭማቂ ጀርባ አብረው ማንበብ ግን ይችላሉ፤ በ100 ሚሊ ሊትር ስንት ግራም ስኳር እንዳለ፣ ጠርሙሱ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚይዝ እያሳዩ፣ ማባዛቱን ለእሳቸው ይተዉላቸው።