መልቲ ኢፌክት ፔዳል ከቤዝ አምፕ ጋር እንዴት ይገናኛል
ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ቤዝ የምትለማመዱ ልጆች፣ መጀመሪያ የአምፑን ቮልዩም ዜሮ አድርጉት፣ ለጎረቤት ብቻ አይደለም ጃክ ሲሰካ ጧ የሚለው ድምፅ ስፒከር ሊጎዳ ይችላል። ከቤዙ የሚመጣውን ገመድ መልቲ ኢፌክት ፔዳሉ (ብዙ የድምፅ ኢፌክት በአንድ የያዘው ሳጥን) ኢንፑት ላይ፣ ከዛ ከአውትፑቱ፣ ሁለት ካለው ሌፍት ሞኖ ከሚለው፣ ወደ አምፑ ኢንፑት፣ በቃ። የአምፑን ስፒከር አውት ግን ከፔዳል ጋር እንዳታገናኙ፣ ያቃጥለዋል! ብዙ ፔዳል በ9 ቮልት ነው የሚሰራው፣ ቢሆንም የአዳፕተሩን ፖላሪቲ (ፕላስና ማይነሱ የቱ ጋ እንደሆነ) ፔዳሉ ላይ ካለው ምልክት ጋር አስተያዩ፣ መብራት ከሄደ ደሞ ንቀሉት፣ ሲመጣ እንዴት እንደሚመጣ ታውቁታላችሁ። ድምፁ ከታፈነ የፔዳሉን ካቢኔት ሲሙሌሽን (የስፒከር ሳጥን ድምፅ የሚያስመስለውን) አጥፉት፣ እሱ በዋናነት ለሄድፎንና ለሚክሰር ነው። አምፑ ኢፌክት ሪተርን ካለው እዛ መሰካትም ይቻላል፣ ፕሪአምፑን (የአምፑ ቤዝና ትሬብል ማስተካከያ ያለበትን ክፍል) ይዘለዋል፣ እኔ ግን የአምፑን ቤዝና ትሬብል በእጄ ማስተካከል ስለምወድ ኢንፑቱን እመርጣለሁ።