ሂቢስከስ በጅማ ግቢ፦ ችግሩና መፍትሔው

ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ የማይደርቀው ሂቢስከስ፣ ለሻይ የሚፈላው ከርከዴ የቅርብ ዘመድ፣ የጅማ አየር የሚስማማው ቁጥቋጦ ነው። ሲታመም ግን ብዙ ሰው በቀጥታ ወደ ማዳበሪያ ወይም ወደ ፀረ ተባይ ይሮጣል። በእኔ እምነት ከሁሉ አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው ሥሩ ያለበት አፈር ነው።

ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ሲረግፍ

ይህ ምልክት በክረምትና በበጋ ምክንያቱ ይለያያል። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ሲበረታ፣ በተለይ በአዌቱ ወንዝ ዳር ባሉ ረባዳ ቦታዎችና በግንባታ ወቅት ተረግጦ የጠጠረ ቀይ አፈር ባለባቸው ግቢዎች፣ ውሃ ስለሚተኛ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ሥሩ ውሃ መሳብ ሲያቅተው ተክሉ የተጠማ መስሎ ይጠወልጋልና ባለቤቱ ጨምሮ ያጠጣዋል፤ ተክሉን የሚገድለውም ይኸው ነው። ስለዚህ ከማጠጣት በፊት ጣትን 5 ሳንቲ ሜትር ያህል አፈሩ ውስጥ አስገብቶ መፈተሽ ያስፈልጋል። እርጥብ ከሆነ ማጠጣቱን አቁሞ የውሃ መውረጃ ቦይ መቅደድ፣ ገና የሚተከል ከሆነም መደቡን ከፍ ማድረግ ይገባል።

በበጋ አፈሩ ደርቆ ከተገኘ፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከመርጨት ይልቅ አልፎ አልፎ ጠልቆ እስኪገባ ማጠጣት ይሻላል። ለጉዝጓዝ ጅማ ላይ በቀላሉ የሚገኘው የቡና ገለባ ግሩም ነው፤ ነገር ግን በሚገባ የበሰበሰ መሆን አለበት፣ ግንዱንም መንካት የለበትም።

አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ በቅጠሉ ላይ የተዘረጉት ደም ሥሮች ብቻ አረንጓዴ ከሆኑ የብረት እጥረት ነው። አሲዳማ በሆነው የጅማ አፈር ይህ እምብዛም ስለማያጋጥም፣ ግንብ ሥር የተቀበረ የኖራና የሲሚንቶ ፍርስራሽ መኖሩን ማየት፣ ካለም አውጥቶ በኮምፖስት መተካት ነው።

እምቡጡ ሳይፈነዳ ሲወድቅ

አንዴ ደርቆ አንዴ የሚጥለቀለቅ አፈር ዋነኛው ምክንያት ነው። አፈሩ ደህና ከሆነ፣ የወደቀውን እምቡጥ ነጭ ወረቀት ላይ ሰንጥቆ ማራገፍ ነው፤ ደቃቅና ቀጫጭን ነፍሳት ከታዩ ትሪፕስ ስለሆነ የወደቁትን ሁሉ ለቅሞ ማስወገድ ያስፈልጋል። የፈነዳው አበባ ግን በማግስቱ ቢረግፍ ጠባዩ ነውና አያሳስብም።

ቅጠል ብቻ ሲያበዛ

ጥላ ወይም የዩሪያ መብዛት ነው። አበባው የሚወጣው በአዲስ ቅርንጫፍ ላይ ስለሆነ፣ የበልጉ ዝናብ ሲገባ ከቁመቱ እስከ አንድ ሦስተኛ መግረዝ ይጠቅማል፤ በቀን 6 ሰዓት ያህል ፀሐይ ካላገኘ ግን መግረዙ ብቻውን አበባ አያስገኝለትም።

ቅጠሉ ሲያጣብቅና ሲጠቁር

ጥቁሩ ነገር በክሽክሽና በሌሎች መጣጭ ተባዮች ጣፋጭ ፈሳሽ ላይ የሚበቅል ሻጋታ ነው። በ1 ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጦ፣ ፀሐይ ሳይበረታ የቅጠሉን የታችኛውን ገጽ ጭምር መርጨትና በየሳምንቱ መድገም ይረዳል። ጉንዳኖች ፈሳሹን ፈልገው ተባዮቹን ከጠላቶቻቸው ስለሚጠብቁላቸው፣ በግንዱ ላይ የሚወጡበትን መንገድ መዝጋትም የሕክምናው አካል ነው።