የፍሬን ዘይት እየጎደለ ፍሳሹ ካልታየ

የፍሬን ሸራ እያለቀ ሲሄድ ዘይቱ በወራት ውስጥ ቀስ ብሎ ዝቅ ይላል፤ ይህ ችግር አይደለም። ተሞልቶ በሳምንት ከጎደለ ግን የሆነ ቦታ ያፈሳል፤ እስኪጠገን አይንዱት።

ጎማዎቹ በዘይት ርሰው እንደሆነ ከውስጥ በኩል ይዩ። የኋላው ፍሬን ታምቡር (ሸራው ከውስጥ የሚጫነው ከበሮ) ከሆነ ከፍተው ሸራውን የሚገፋውን ሲሊንደር አቧራ መከላከያ ገለጥ ያድርጉ፤ ከረጠበ ዘይቱን የሚይዘው ጎሚኒ አልቋል። ዘይት የነካው ሸራ ይቀየራል እንጂ ታጥቦ አይመለስም።

ሁሉም ደረቅ ነው? ተንኮለኛው ቦታ ማስተሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋው ዋና ሲሊንደር) ከሰርቮው (በሞተሩ ስበት ፔዳሉን የሚያቀለው ክፍል) የሚገጥምበት ነው። የኋላ ጎሚኒው ሲያፈስ ዘይቱ ሰርቮው ውስጥ ይጠራቀማል፤ መሬት ላይ ጠብታ የለም፤ ሞተሩ ከሳበው ነጭ ጭስ ያወጣል። የማስተሩን ማሰሪያ ብሎኖች ፈተው፣ ቱቦዎቹን ሳይነኩ፣ በጥቂቱ ወደ ፊት ሳብ አድርገው ከኋላው ይመልከቱ።

ፍሪሲዮኑም ከዚያው የፍሬን ዘይት ጣሳ የሚጠቀም ከሆነ የፔዳሉን ዘንግና የሞተርና የካምቢዮ መጋጠሚያን ከስር ይፈትሹ።